ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ ተጫዋች ይለወጥ ወይስ ይቆይ? የአይስ ሆኪ ክለቦች አጣብቂኝ

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኳስ ማሳያ ቤቶች በአንዱ፣ የምሽቱ ጨዋታ እስኪጀምር ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ አንድ ወዳጄ በካናዳ ካልጋሪ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሙ የደረሰውን የድምፅ መልእክት ስልኩን ከፍ አድርጎ አሰማን። ወንድምየው እዚያ ከከተመ ወዲህ የአይስ ሆኪ ደጋፊ ሆኗል። መልእክቱም በምሬት የተሞላ ነበር፦ «ያኔ ኮከባችን ውሉ አልቆ በነፃ ሄደብን፣ ቤሳ አላገኘንበትም፤ አሁንም የሌላው ውል ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል፤ ምን ይጠብቃሉ? ቶሎ አይለውጡትም?»

ቤቱን የሞላው የእግር ኳስ ሰው ስለነበረ ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። የአርሰናሉ ደጋፊ በ2012 አንድ ዓመት ውል ቀርቶት የነበረው ሮቢን ቫን ፐርሲ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሽጦ በዚያው የውድድር ዘመን ዋንጫ ያነሣበትን ቁስል አስታወሰ፤ የማንቸስተሩ ደጋፊ ደግሞ በዚያው በ2012 ፖል ፖግባ ውሉ አልቆ በነፃ ወደ ጁቬንቱስ ከሄደ በኋላ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ ተመልሶ መገዛቱን አንሥቶ «እናንተስ ቢያንስ ሸጣችሁት» አለው። ጥግ ይዘው የተቀመጡት፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ወርደው ከብት የሚነግዱት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ግን ከሁላችን የተሻለውን ጥያቄ አቀረቡ፦ «ሰውየው ለመሄድ ቀን እየቆጠረ ከሆነ፣ እነዚህ የሚሸጡት ምኑን ነው? ገዥውስ ምን አገኘሁ ብሎ ነው የሚገዛው?»

የሚከተለው ማብራሪያ በዋናነት የእሳቸውን ጥያቄ ለመመለስ የተጻፈ ነው። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱና ወራቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ አይስ ሆኪ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ከጦሳ አናት ውርጭ በቀር የበረዶ ሜዳ ለማናውቅ ሰዎች ጨዋታው እንግዳ ቢመስልም፣ የገና ጨዋታን ያየ ሰው ዘመዱን ለመለየት አይቸገርም፤ ቆልማማ ዱላ አለ፣ በሩር ፈንታ ክብና ጠፍጣፋ የጠጣር ጎማ ቁራጭ አለ፣ በየወገኑም አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ስለት ያለው ብረት በተገጠመለት ጫማ በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ይፋለማሉ። በዓለም ላይ ትልቁ የዚህ ጨዋታ ውድድር በ1917 ሞንትሪያል ላይ የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ሲሆን፣ ዛሬ 25 የአሜሪካና 7 የካናዳ፣ በድምሩ 32 ክለቦች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ያልፋሉ። ጥሎ ማለፉም በአንድ ጨዋታ የሚለይ አይደለም፤ ሁለት ክለቦች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኙና አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈው ያልፋል። ለሊጉ አሸናፊ ለሚሰጠው ለስታንሊ ዋንጫ የሚበቃው ክለብ እንዲህ አራት ዙር መሻገር አለበት።

ውል ሲያልቅ ተጫዋቹ የማን ነው?

በአውሮፓ እግር ኳስ ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ ነገሩ ቀላል ነው፤ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ዕድሜው ምንም ይሁን ምን የራሱ ሰው ነው፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራትም ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር ይችላል። በሆኪው ሊግ ግን ነፃነት በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ ብዙውን ክርክር የሚያደናግረውም ይህን ልዩነት አለማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ውሱን ነፃነት ነው። ወጣት ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ክለቡ በደንቡ የተወሰነውን ያህል የውል ጥያቄ ካቀረበለት መብቱ በክለቡ እጅ ይቆያል፤ ሌላ ክለብ ቢያስፈርመው እንኳ ነባሩ ክለብ ያንኑ ክፍያ ከፍሎ ማስቀረት፣ ወይም እንደ ክፍያው መጠን ካሳ ተቀብሎ መልቀቅ ይችላል። ሁለተኛው ሙሉ ነፃነት ሲሆን፣ በአጠቃላይ አነጋገር 27 ዓመት የሞላው ወይም በሊጉ ሰባት የውድድር ዘመን ያገለገለ ተጫዋች የሚያገኘው ነው። የዚህ ተጫዋች ውል ጁን 30 ቀን ካለቀ፣ በማግሥቱ ጁላይ 1 ገበያው ሲከፈት ከፈለገው ክለብ ጋር ይፈርማል፤ ነባሩ ክለብ ካሳ የሚባል ነገር አያገኝም። ስለዚህ ደጋፊዎች «ይለወጥ» እያሉ የሚጮኹት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ተጫዋች ነው።

በገንዘብ ሸጠው ለምን አይገላገሉም?

የእግር ኳስ ደጋፊን ይበልጥ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ በሆኪው ሊግ ተጫዋችን በጥሬ ገንዘብ መሸጥ በደንብ የተከለከለ ነው። ድሮ ይቻል ነበር። በኦገስት 1988 ኤድመንተን የዘመኑን ታላቅ ተጫዋች ዌይን ግሬትስኪን ለሎስ አንጀለስ ሲሰጥ ከተጫዋቾች ጋር 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሏል። ዛሬ ግን ተጫዋች የሚሰጠው በተጫዋች ወይም በምልመላ ተራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥም «ሽያጭ» ከማለት ይልቅ «ልውውጥ» የምለው ለዚህ ነው።

የምልመላ ተራ የሚባለው በየዓመቱ በ18 ዓመት ዕድሜ ዙሪያ ያሉ ወጣቶች ለክለቦች በሚደለደሉበት ሥርዓት፣ በሰባት ዙር ተራ በተራ የመምረጥ መብት ነው። ደካሞቹ ክለቦች ቀድመው፣ ኃያላኑ ዘግይተው ይመርጣሉ። ክለብ ይህን ተራውን እንደ ዕቃ አሳልፎ መስጠት ይችላል፤ ተቀባዩ የሚያገኘው ግን በላሟ ሆድ ያለውን ጥጃ ነው፤ ወይፈን ይሁን ጊደር፣ ይደግ ይሙት ገና አልታወቀም። ዋንጫ የሚፈልግ ጠንካራ ክለብ የሚሰጠው ተራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዙሩ መጨረሻ አካባቢ የሚውል ስለሆነ፣ «የመጀመሪያ ዙር ተራ አገኘን» የሚለው ዜና ከስሙ ያነሰ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ከዚህ ላይ የደመወዝ ጣሪያ ይጨመራል። በኢትዮጵያም የእግር ኳስ ክለቦች በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ እንዲቀመጥ ተስማምተው ስለነበር ቃሉ እንግዳ አይደለም። የሆኪው ጣሪያ ግን በአንድ ተጫዋች ላይ ሳይሆን በዋነኛነት በጠቅላላው ቡድን ላይ የተጣለ ነው፤ የክለብ ባለቤቶች ተጫዋቾቹን ከሥራ በማገዳቸው ሙሉ የውድድር ዘመን ከባከነበት ከ2004-05 ቀጥሎ ሲጀመር 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2024-25 88 ሚሊዮን፣ በ2025-26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከዚህ በላይ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ በዚያ ሊግ ውድ የሆነው ነገር ገንዘብ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር የቀረ ክፍት ቦታ ነው፤ ይህን ልብ ያላለ ሰው «በነፃ ሄደ» የሚለውን አነጋገር በትክክል ሊመዝነው አይችልም፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ የሚሸጠው ምኑ ነው?

ወደ ጋሼ ጥያቄ እንምጣ። ውሉ በጁን የሚያልቅ ተጫዋች በማርች ሲለወጥ፣ ክለቡ የሚያስተላልፈው የቀሩትን ቀኖች ነው። በእርሻ ወራት በሬ የተከራየ ገበሬ በሬውን አልገዛውም፤ እስኪዘራ ድረስ ሊያርስበት ነው የያዘው፣ ከዚያ በኋላ በሬው ወዴት እንደሚሄድ አያስጨንቀውም። ሆኪ አዋቂዎችም እንዲህ ያለውን ተጫዋች «ኪራይ» ይሉታል።

ኪራዩ የሚያዋጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጥሎ ማለፉ የሚጀምረው በኤፕሪል አጋማሽ ስለሆነ፣ ከማርች እስከ ጁን ያሉት ቀኖች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም በዋጋ የዓመቱ ከባዶቹ ናቸው። ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። ደመወዝ ከጣሪያው ጋር የሚነጻጸረው በቀን ተከፋፍሎ ስለሆነ፣ የውድድር ዘመኑን 190 ቀን፣ የተጫዋቹን ዓመታዊ ደመወዝ ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው ብለን ብንይዝ፣ 40 ቀን ሲቀር የተረከበው ክለብ በጣሪያው ላይ የሚያስቆጥረው 2.1 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ደንቡ ሰጪው ክለብ የደመወዙን እስከ ግማሽ ድረስ ተሸክሞ እንዲያስረክብ ይፈቅድለታል፤ ያን ጊዜ የተረካቢው ሸክም ወደ 1.05 ሚሊዮን ይወርዳል። በመስከረም አካባቢ ለማንም የማይቀመስ የነበረ ኮከብ በማርች ብዙ ክለብ ደጃፉን የሚያንኳኳለት ለዚህ ነው። ሰጪው ግማሹን ደመወዝ የሚሸከመውም ለደግነት አይደለም፤ በምላሹ የተሻለ ወጣት ወይም የተሻለ ተራ ይጠይቅበታል።

ቀኖቹን ተከትሎ የሚተላለፍ ሌላም ነገር አለ፤ ከተጫዋቹ ጋር ከሌሎች ቀድሞ ስለ አዲስ ውል የመነጋገር መብት። የውድድር ዘመኑ እየተካሄደ ሳለ ሌላ ክለብ ያለ ፈቃድ ሊያነጋግረው አይችልም። ከዚህም ሌላ እስካሁን በሠራው ደንብ የራሱ ክለብ እስከ ስምንት ዓመት፣ ሌላው ግን እስከ ሰባት ዓመት ብቻ ሊያስፈርመው ይችል ነበር፤ በሴፕቴምበር 2026 በሚጀምረው አዲስ ስምምነት ይህ ወደ ሰባትና ስድስት ይቀንሳል። በልውውጥ የተረከበውም ክለብ እንደ «ራሱ ክለብ» ስለሚቆጠር ተጨማሪዋን ዓመት ይዞ መደራደር ይችላል።

ለምን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ይጠብቃሉ?

ሊጉ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች፣ የልውውጥ መዝጊያ ቀን አለው። በ2025 ማርች 7 ነበር፤ በእነሱ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በደሴ ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተለወጠ ተጫዋች በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፍ መሰለፍ አይፈቀድለትም።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ባቲ ላይ፣ አሉ፣ ጠዋት ፍየሉን ይዞ የቆመ ሰው ዋጋ አይቀንስም፤ ገዥ ብዙ ነው፣ ቀኑም ገና ነው። ከቀትር በኋላ ግን ደገኛው ፍየሉን እየነዳ ዳገቱን መመለስ አለበት፤ ገዥውም ይህን ስለሚያውቅ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በአንጻሩ አንዲት ደህና ሰንጋ ብቻ የቀረች እንደሆነና ሦስት ገዥ ለድግስ የሚፈልጋት ከሆነ ዋጋዋ የሚሰቀለው ሲመሽ ነው። የሆኪው መዝጊያ ቀንም ሁለቱም ጠባይ አለው፤ ሻጩ በበዛበት ዓመት የሚጠብቅ ይከስራል፣ ጥሩው ተጫዋች አንድ ብቻ በሆነበት ዓመት የሚቸኩል ይከስራል። ችግሩ ዓመቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ገበያው ሊበተን ሲል መሆኑ ነው።

ሳይለውጡ የቀሩት ምን ደረሰባቸው?

ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የኒውዮርክ አይላንደርስ ታሪክ ነው። አምበላቸው ጆን ታቫረስ ውሉ በ2018 ያልቅ ነበር፤ በፌብሩዋሪው መዝጊያ አልለወጡትም፣ ቡድኑም ወደ ጥሎ ማለፍ ሳይገባ ቀረ፣ ተጫዋቹም ጁላይ 1 ቀን ከልጅነት ከተማው ክለብ ከቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ጋር የሰባት ዓመት፣ የ77 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ደጋፊው ማልያ እስከ ማቃጠል ደረሰ። ታሪኩን የሚያወሱት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን በቀጣዩ የውድድር ዘመን ያው ክለብ አዲስ አሠልጣኝ ይዞ ከ80 ነጥብ ወደ 103 ነጥብ ከፍ አለ፤ በሊጉ ጥቂት ግብ የተቆጠረበት ቡድን ሆነ፤ በጥሎ ማለፉም የመጀመሪያ ዙር ፒትስበርግን 4 ለ 0 አሰናበተ። ኮከቡ በነፃ ሲሄድ ከጣሪያው ሥር የያዘው ሰፊ ቦታም አብሮ ይለቀቃል። ይህ ማለት መሄዱ ጠቅሟል ማለት አይደለም፤ በመዝጊያው ለውጠውት ቢሆን ክፍቱ ቦታም ወጣቶቹም ይኖሯቸው ነበር። «ምንም አላገኘንበትም» የሚለው ግን ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም።

በ2019 ደግሞ ኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ ሆን ብሎ ተቃራኒውን መረጠ። አጥቂው አርቴሚ ፓናሪንና በረኛው ሰርጌ ቦብሮቭስኪ ሁለቱም ውላቸው ሊያልቅ ነበር፤ ክለቡ እነሱን ከመለወጥ ይልቅ እንደ ማት ዱሼን ያሉ ሌሎች ኪራዮችን ጨመረበት። በመጀመሪያው ዙር የገጠመው 62 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ክብረ ወሰን የተጋራውን ታምፓ ቤይን ነበር። 4 ለ 0 አሸነፈው። ክለቡ በ2000 መጫወት ከጀመረ ወዲህ የጥሎ ማለፍ ዙር ሲሻገር ያ የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ዙር በቦስተን ወደቀ፣ በጁላይም ፓናሪን ወደ ኒውዮርክ ሬንጀርስ፣ ቦብሮቭስኪ ወደ ፍሎሪዳ፣ ዱሼን ወደ ናሽቪል በነፃ ሄዱ። እንግዲህ ተሳሳቱ ወይስ አልተሳሳቱም? ለ19 ዓመት አንድም ዙር ያላለፈ ክለብ ደጋፊ ያቺን ሳምንት በስንት የምልመላ ተራ እንደሚለውጣት መተመን ከባድ ነው። በጥሎ ማለፍ ጊዜ ለተጫዋቾች መደበኛ ደመወዝ ስለማይከፈል፣ በሜዳው የሚደረግ እያንዳንዱ ተጨማሪ ጨዋታ ለክለቡ ባለቤት ገቢ መሆኑም ከሒሳቡ መውጣት የለበትም።

ወደ ወዳጄ ወንድም ቁጭት ስንመለስ፣ እሱ የሚያወራው ስለ 2022 ነው። ጆኒ ጎድሮ በዚያ ዓመት ለካልጋሪ ፍሌምስ ግብና ለግብ የተመቻቹ ኳሶች ተደምረው 115 ነጥብ አስመዘገበ፣ ክለቡም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ምድቡን የሚመራ ክለብ በማርች ምርጥ አጥቂውን አሳልፎ ቢሰጥ ኖሮ ደጋፊው ከተማውን ባመሰ ነበር፤ ወዳጄም ወንድሙ ያኔ «እንዳይነኩት!» ብሎ የላከውን መልእክት ፈልጎ ቢያገኘው ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዙር በኤድመንተን ተሸነፉ፣ ጎድሮም በዚያው ክረምት በነፃ ኮሎምበስ ገባ። ውጤቱ መራራ ቢሆንም፣ በማርች በነበራቸው መረጃ ሲታይ ውሳኔው የተሳሳተ ነበር ለማለት እኔ አልደፍርም።

ለውጠውስ የተጸጸቱ የሉም?

አሉ፤ የመጀመሪያው ምሳሌም ያው ካልጋሪ ነው። ጎድሮ በሄደ በቀናት ውስጥ ሌላው ኮከብ ማቲው ካቸክ ረጅም ውል እንደማይፈርም አሳወቀ። ክለቡ አንድ ጊዜ ተቃጥሏልና አልጠበቀም፤ በጁላይ 2022 ወደ ፍሎሪዳ ፓንተርስ ለወጠው፣ በምትኩም ጆናታን ሁበርዶን፣ ተከላካዩን ማኬንዚ ዊገርን፣ አንድ ወጣትና የመጀመሪያ ዙር ተራ ተቀበለ። ሁበርዶ እንደ ጎድሮ ሁሉ በዚያ ዓመት 115 ነጥብ የነበረው ስለሆነ ልውውጡ የተዋጣለት ተባለ። ካልጋሪ የስምንት ዓመት፣ የ84 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያስመዘገበው 55 ነጥብ ነው። ካቸክ ግን ፍሎሪዳን በ2023 ለፍጻሜ፣ በ2024 እና በ2025 ለዋንጫ ካበቁት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ፤ በረኛቸውም ከኮሎምበስ በነፃ የሄደው ቦብሮቭስኪ ነበር።

የኮሎራዶው ደግሞ ይበልጥ ያማል። ክለቡ ከሚኮ ራንታነን ጋር በደመወዝ ባለመግባባቱ ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ለካሮላይና ሃሪኬንስ ለወጠው። ካሮላይና በረጅም ውል ሊያስቀረው ሞከረ፣ ተጫዋቹ አልተዋጠለትም፤ ከ13 ጨዋታ በኋላ፣ በመዝጊያው ቀን ማርች 7፣ ለዳላስ ስታርስ አሳልፎ ሰጠው። ዳላስ በስምንት ዓመት 96 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በመጀመሪያው ዙር ዳላስ የደረሰው ኮሎራዶ ነበር፤ ሦስት ለሦስት ሆነው ሰባተኛው ጨዋታ መጣ፣ ኮሎራዶም 2 ለ 0 መራ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ራንታነን ሦስት ግብ አስቆጠረ፣ ዳላስ 4 ለ 2 አሸንፎ የቀድሞ ጓደኞቹን ወደ ቤት ላካቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይወራለት ካሮላይና ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ አስተማሪው እሱ ይመስለኛል። ተጫዋቹን በስድስት ሳምንት ውስጥ ተቀብሎ፣ እንደማይፈርም አረጋግጦ፣ ዓመቱን ለማዳን ብሎ እስከ ጁን ከመያዝ ይልቅ ለወጠው፤ ሎገን ስታንኮቨን የተባለ ወጣት አጥቂና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ጨምሮ ጥሩ ዋጋ አገኘበት። በዚያው ዓመትም እንደ ዳላስ ሁሉ ለፍጻሜ አንድ ዙር እስኪቀረው ድረስ ተጓዘ።

ታዲያ ክለቡ ምን ምን ይመዝን?

የመጀመሪያው ሚዛን የደረጃ ሰንጠረዡ ነው። ከጥሎ ማለፍ ውጭ የሆነ ክለብ ውሳኔው ቀላል ነው፤ የቀሩት ሃያ ያህል ጨዋታዎች ምንም አይለውጡለትም፣ ስለዚህ ቀኖቹ ለእሱ ረክሰው ለሌላው ውድ ናቸው፣ ጥሩ ንግድ የሚባለውም ይህ ነው። የዋንጫ ተስፋ ያለው ክለብም ውሳኔው ብዙም አይከብድም፤ ማቆየት ነው። የሚጨነቀው መሐል ላይ ያለው፣ በሁለትና በሦስት ነጥብ ልዩነት ማለፉ ያልተረጋገጠው ክለብ ነው። ጭንቀቱንም የሚያባብሰው ወሳኙ ሰው ማን መሆኑ ነው፤ አሠልጣኙ የዘንድሮን ውጤት ያያል፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚያብበውን ተራ ለመቀበል እስከዚያ ድረስ ወንበሩ ላይ መቆየቱን ማመን አለበት።

ሁለተኛው ተጫዋቹ የመፈረሙ ዕድል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ደጋፊ የሚዘነጋው ነገር አለ፤ በማርች መለወጥ በጁላይ መልሶ ማስፈረምን አይከለክልም። ገበያው ሲከፈት ነባሩ ክለብም እንደማንኛውም ተጫራች ይቀርባል። ስለዚህ የመለወጥ እውነተኛ ዋጋ «ለዘለዓለም አጣነው» ሳይሆን የቀሩት ጨዋታዎች፣ ብቻ ለብቻ የመደራደሩ ዕድል፣ ተጨማሪዋ የውል ዓመት፣ እና የሰውየው ቅያሜ ናቸው። መጨረሻ ላይ የጠቀስኩት በቁጥር ስለማይገለጽ ከሒሳብ ቢወጣም፣ አንዳንዴ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ሦስተኛው የጣሪያው ጉዞ ነው። ሊጉ በጃንዋሪ 2025 ጣሪያው በ2026-27 ወደ 104 ሚሊዮን፣ በ2027-28 ወደ 113.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያድግ አስታውቋል። ቦታ ሲሰፋ ክለቦች የራሳቸውን ኮከብ ለማስቀረት አቅም ያገኛሉ፤ ወደ ገበያው የሚወጣው ምርጥ ተጫዋች ሲያንስ ደግሞ፣ የወጣው ውድ ይሆናል። ስለዚህ «ይሂድ፣ በሚለቀቀው ገንዘብ ሌላ እናመጣለን» የሚለው መጽናኛ ከዓመታት በፊት እንደነበረው አስተማማኝ አይደለም።

ተጫዋቹስ አይጠየቅም?

ይህን የጠየቀችው ሻይ የምታቀርብልን ልጅ ናት፤ እስከዚያ ድረስ ከእኛ መካከል ማንም አላነሣውም ነበር። መልሱ «እንደ ውሉ ነው» የሚል ነው። ለሙሉ ነፃነት የደረሱ ታላላቅ ተጫዋቾች በውላቸው ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው እንዳይለወጡ የሚከለክል አንቀጽ ማስገባት ይችላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የማይሄዱባቸውን ክለቦች ዝርዝር ያስይዛሉ። አንቀጹ ያለው ተጫዋች «ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው፣ አልሄድም» ካለ ነገሩ ያበቃል፤ ወይም «ወደዚህ ክለብ ብቻ» ይልና ገዥውን አንድ ያደርገዋል፣ ገዥ አንድ ሲሆን ዋጋው ምን እንደሚሆን ጋሼ ያውቁታል። አንቀጽ የሌለው ግን ጠዋት ልምምድ ላይ ውሎ ማታ በሌላ ከተማ ሆቴል ያድራል።

ያም ሆኖ መለወጥ ሁልጊዜ መቆራረጥ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2007 ሴንት ሉዊስ ብሉስ ውሉ ሊያልቅ የነበረውን አንጋፋ አጥቂውን ለአትላንታ ትራሸርስ ለወጠ፤ የመጀመሪያ ዙር ተራን ጨምሮ ሌሎች ተራዎችና አንድ ተጫዋች ተቀበለበት። አትላንታ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገባ፣ በመጀመሪያው ዙርም 4 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። በጁን ያው ተጫዋች ወደ ሴንት ሉዊስ ተመልሶ በዚያው ክለብ ጫማውን ሰቀለ። ስሙ ኪት ካቸክ ይባላል፤ ከ15 ዓመት በኋላ ካልጋሪ ወደ ፍሎሪዳ የለወጠው የማቲው አባት ነው።